ናይጄሪያና ደቡብ አፍሪካ፦ ትልቁ ኢኮኖሚ የማን ነው?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ በጆሃንስበርግ የአልባሳትና የብርድ ልብስ ሱቅ አለኝ። አጠገቤ የስልክ ዕቃ የሚሸጠው ናይጄሪያዊ ጎረቤቴ «የአፍሪካ ትልቁ ኢኮኖሚ የእኛ ነው» ይላል፤ የአገሩ ተወላጅ የሆኑ ደንበኞቼ ደግሞ «ያ ድሮ ቀረ» ይሉታል። እውነቱ የቱ ነው? ደግሞስ ከሦስት እጥፍ በላይ ሕዝብ ያለው አገር በሀብት እንዴት ሊያንስ ይችላል? (ስሜ አይጠቀስ፣ ከጆሃንስበርግ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሁለቱም የሚናገሩት የሰሙትን እውነት ነው፤ የሰሙበት ዘመን ግን ይለያያል። በዚህ መልስ የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ናይጄሪያ እስከ 2014 ድረስ አጠቃላይ የአገር ውስጥ ምርቷን ታሰላ የነበረው የ1990ን ዋጋና የዘርፎች ድርሻ መነሻ አድርጋ ነበር። በዚያ ስሌት የሞባይል ስልክ አገልግሎት ከቁጥር የማይገባ ሲሆን፣ ኖሊዉድ የሚባለው የፊልም ኢንዱስትሪም ጨርሶ አልነበረበትም። በሚያዝያ 2014 መነሻው ዓመት ወደ 2010 ሲለወጥ፣ የ2013 ምርት ከ42.4 ትሪሊዮን ወደ 80.2 ትሪሊዮን ናይራ፣ ማለትም ወደ 510 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ከፍ አለ፤ ናይጄሪያም ደቡብ አፍሪካን በልጣ የአህጉሩን አንደኛነት ያዘች። በዚያ ሳምንት አንድም አዲስ ፋብሪካ አልተከፈተም፤ ቀድሞውንም የነበረው ሥራ ተቆጠረ እንጂ። ጎረቤትዎ የሚያስታውሱት ይህን ነው።

ደንበኞችዎ የሚናገሩት ደግሞ በቅርቡ የሆነውን ነው። በጁን 2023 የፕሬዚዳንት ቦላ ቲኑቡ መንግሥት የናይራን የምንዛሬ ተመን ለገበያ ለቀቀ። በ2013 አንድ ዶላር 157 ናይራ ገደማ ነበር፤ በ2024 ወደ 1,500 ናይራ ደረሰ። መነሻው ዓመት እንደገና ታድሶ በ2025 በወጣው ስሌት የ2024 ምርት 372.8 ትሪሊዮን ናይራ ሆኗል። በናይራ ሲታይ ከ2013ቱ ከአራት እጥፍ በላይ ነው፤ ወደ ዶላር ሲመነዘር ግን 243 ቢሊዮን ብቻ ሆኖ ቁጭ ይላል። የደቡብ አፍሪካ የዚያው ዓመት ምርት 400 ቢሊዮን ዶላር አካባቢ ስለነበር፣ በዶላር ሚዛን ዛሬ ቀዳሚዋ ደቡብ አፍሪካ ናት። ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ተመን ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል፤ የገበሬው ማሳ ግን በእነዚያ ሳምንታት አልጠበበም።

ስለዚህ ባለሙያዎች ሌላ ሚዛንም ይጠቀማሉ። አንድ ኪሎ ሩዝ ወይም አንድ ፀጉር ቆረጣ በሌጎስና በጆሃንስበርግ ስንት እንደሚያወጣ ታይቶ በመግዛት አቅም ሲሰላ፣ ናይጄሪያ አሁንም ደቡብ አፍሪካን ትቀድማለች። ይህ ሚዛን በአገር ውስጥ የሚበላውንና የሚለበሰውን በደንብ ያሳያል፤ መድኃኒትና ማሽን ከውጭ የሚገዛው ግን በዶላር ነውና የዶላሩን ሚዛን መናቅ አይቻልም።

የሕዝቡ ቁጥር ራሱ ከፍተኛ ጥንቃቄ የሚፈልግ ነው። ናይጄሪያ ለመጨረሻ ጊዜ ሕዝቧን የቆጠረችው በ2006 ሲሆን ውጤቱ 140 ሚሊዮን ነበር፤ ዛሬ የሚነገረው ወደ 230 ሚሊዮን የሚጠጋ ቁጥር ግምት ነው። በፌዴሬሽኑ ገቢ ሲከፋፈልና የምክር ቤት መቀመጫ ሲደለደል የሕዝብ ብዛት ስለሚታይ፣ ቆጠራው ሁልጊዜ የፖለቲካ ትግል ነው። የ1973ቱ ውጤት ተሰርዟል፤ በ2006 ደግሞ በሰሜን ለሚገኘው የካኖ ክልል 9.4 ሚሊዮን፣ ለሌጎስ 9 ሚሊዮን ሲመዘገብ፣ የሌጎስ ክልል መንግሥት በራሱ ቆጠራ 17.5 ሚሊዮን ነን ብሎ ተከራክሯል። ደቡብ አፍሪካ በ2022 ቆጥራ 62 ሚሊዮን አግኝታለች፤ እዚያም ቢሆን ከቆጠራው በኋላ በተደረገው ማጣሪያ ከሕዝቡ 31 በመቶው እንዳልተቆጠረ ታውቆ ቁጥሩ በስሌት ተስተካክሏል። አካፋዩ፣ ማለትም የሕዝቡ ቁጥር፣ ይህን ያህል ሲያጠራጥር የነፍስ ወከፍ ገቢን እስከ ሳንቲም ድረስ ማመን አይገባም። በጥቅሉ ግን በደቡብ አፍሪካ ከ6,000 ዶላር በላይ፣ በናይጄሪያ 1,000 ዶላር አካባቢ ነው፤ ልዩነቱ የቆጠራ ስህተት የሚሸፍነው አይደለም።

ሕዝብ በዝቶ ሀብት የሚያንሰው ለምንድን ነው ላሉት፣ እኛ ከሁሉ አስቀድመን የምንጠቅሰው ኤሌክትሪክን ነው። የናይጄሪያ ዋና መስመር ለዚያ ሁሉ ሕዝብ የሚያደርሰው በአብዛኛው ከ4,000 እስከ 5,000 ሜጋ ዋት ነው፤ በደቡብ አፍሪካ የክረምት ምሽት ፍላጎት ከ30,000 ሜጋ ዋት ያልፋል። እርስዎ በ2023 መብራት በፈረቃ ሲጠፋ የደረሰብዎትን ኪሳራ ያስታውሱ ይሆናል፤ በሌጎስ ያለ ልብስ ሰፊ ግን ዓመቱን ሙሉ የጄኔሬተር ነዳጅ ዋጋን በልብሱ ላይ ጨምሮ ነው የሚሸጠው። በዚያ ላይ ናይጄሪያ ለውጭ ምንዛሬ የምትደገፈው በድፍድፍ ነዳጅ ሲሆን፣ ነዳጅ ደግሞ ገንዘብ ያስገባል እንጂ ብዙ ሠራተኛ አይቀጥርም። ደቡብ አፍሪካ በ1886 ወርቅ ከተገኘ ወዲህ ማዕድኑን ተከትለው የመጡ የባቡር መስመሮች፣ ባንኮች፣ የአክሲዮን ገበያና ፋብሪካዎች አሏት።

ይሁንና እነዚያ 6,000 ዶላር አማካይ ናቸው። የደቡብ አፍሪካ የገቢ ልዩነት በዓለም ከሚለኩት አገሮች ሁሉ የከፋ ሲሆን፣ ሥራ ፈላጊ ከሆኑት ሦስት ሰዎች አንዱ ሥራ የለውም። ከሀብታሞቹ ሰፈር ከሳንድተን ሕንፃዎች አውራ ጎዳናውን ተሻግረው ወደ ድሆቹ ሰፈር አሌክሳንድራ ሲገቡ የሚያዩት ይህንኑ ነው፤ ከእርስዎ ሱቅ ብርድ ልብስ በዱቤ የሚወስዱት ደንበኞችም በአብዛኛው የሚኖሩት ከዚያ አማካይ በታች ነው።