የአባቴን ፎቶዎች በምን ሶፍትዌር ቪዲዮ ላድርጋቸው? (እና ሌሎች ከድሬና ከሐረር የመጡ ጥያቄዎች)

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ፣ የምጽፍላችሁ ከሳቢያን ነው። አባታችን ምድር ባቡር ሰርተው ጡረታ የወጡ ናቸው፣ ዘንድሮ 70 ዓመት ይሞላቸዋል፣ ወንድሞቼም ከውጭ ስለሚመጡ በዛን ቀን ቲቪ ላይ የሚታይ የፎቶ ቪዲዮ ላዘጋጅላቸው ፈልጌ ነበር። ስልኬ ላይ ወደ 300 ፎቶ አለ፣ አልበም ውስጥ ደሞ የድሮ ጥቁርና ነጭ አሉ። ኤዲቲንግ የሚባል ነገር ነክቼ አላውቅም፣ ላፕቶፔ ዊንዶውስ 10 ነው ራሙ 4 ጂቢ። አንዱ ሙቪ ሜከር አውርጂ ይለኛል፣ ሌላው ፕሪሚየር በክራክ ልጫንልሽ ይለኛል፣ ግራ ገባኝ። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ አባትሽን እንኳን ለዚህ አደረሳቸው። ሁለቱንም ተያቸው። ሙቪ ሜከር በጊዜው ጥሩ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ከዊንዶውስ ሚ ጋር ከወጣ ጀምሮ ስንቱ ሰው ኤዲቲንግ የጀመረበት ነው፣ ግን ማይክሮሶፍት ራሱ በጃንዋሪ 2017 አቁሞታል። ዛሬ ጎግል ላይ በስሙ ፈልገሽ የምታገኚውን አትመኚው፣ በዛው 2017 ላይ ስሙን ይዞ የወጣ የውሸት ፕሮግራም ነበር፣ ስትሰሪበት ይሰራል፣ ሴቭ ላድርግ ስትይ ብር ክፈይ ይላል። ፕሪሚየር ደሞ የባለሙያ ነው፣ ቢያንስ 8 ጂቢ ራም ይፈልጋል፣ ያንቺ ላፕቶፕ አይችለውም። ክራክ የሚባለውም (ሳይከፈልበት እንዲሰራ ተሰብሮ የሚጫነው) ብዙ ጊዜ ቫይረስ ይዞ ነው የሚመጣው፣ የአባትሽ ፎቶ ያለበት ላፕቶፕ ላይ እባክሽ አታስገቢው።

ላንቺ የሚሻለው ምናልባት እዛው ላፕቶፕሽ ላይ ያለው ፓወርፖይንት ነው። ሰው ለስብሰባና ለክፍል ፕረዘንቴሽን ብቻ ይመስለዋል እንጂ ከ2010ሩ ቨርዥን ጀምሮ ስላይዱን ወደ ቪዲዮ ይቀይራል። ከመክፈትሽ በፊት ግን ፎቶዎቹ ላይ ቁጭ በይ፣ ትልቁ ስራ እሱ ነው እንጂ ሶፍትዌሩ አይደለም። 300 ፎቶ እያንዳንዱ 5 ሰከንድ ቢታይ 25 ደቂቃ ነው፣ እንግዳ ምግብ ቀርቦለት ቡና እየተፈላ 25 ደቂቃ ቲቪ ላይ አይቆይልሽም። ወደ 80 አውርጂው፣ ከ7 ደቂቃ ያንሳል፣ ሁለት ዘፈን ይበቃዋል። ተመሳሳይ ሆነው በተከታታይ ከተነሱት አንዱን ብቻ ያዢ፣ አባትሽ በደንብ የማይታዩበትን አውጪ፣ እና የሞቱ ጓደኞቻቸው ያሉበትን ፎቶ ሳታማክሪያቸው እንዳትቀንሺ፣ እኛ የማናውቀው ሰው ለሳቸው ማን እንደሆነ አይታወቅም።

የአልበሞቹን ፎቶዎች በስልክ ማንሳት ትችያለሽ፣ ስካነር ፍለጋ ከተማ መዞር አያስፈልግሽም። ጠዋት ፀሐይ ሳትከር በረንዳ ላይ፣ ጥላ ውስጥ፣ ፎቶውን ከአልበሙ ፕላስቲክ አውጥተሽ ጠረጴዛ ላይ አስተኚው፣ ፍላሽ አጥፊ፣ ስልኩን ሳታጋድዪ ልክ ከላይ ያዢ። ሙጫው ይዞ እምቢ ካለሽ አትጎትቺው፣ ይቀደዳል፣ እዛው እንዳለ አንሺው። ነጸብራቅ ካስቸገረሽ ፎቶስካን የሚባል የጎግል ነፃ አፕ አለ፣ አንዱን ፎቶ ከተለያየ ቦታ ደጋግሞ ያነሳና አንድ ላይ ሲያገጣጥመው የሚያብረቀርቀው ይጠፋል። የፎቶውን ጀርባም አብረሽ አንሺ፣ የድሮ ሰው ቀንና ቦታ ይጽፍበታል።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። ጀርባው ላይ የተጻፈው ዓመት በኛ አቆጣጠር ነው፣ ስልክሽ ፎቶው ላይ የሚመዘግበው ደሞ በፈረንጅ፣ እና ሁለቱን ደባልቀሽ በዓመት ከደረደርሽ የ7 ወይ የ8 ዓመት ዝብርቅርቅ ይመጣል፣ አባትሽ ሳያገቡ ልጅ ይወልዳሉ። በዛ ላይ አልበሙን ዛሬ ስለሆነ ያነሳሽው ላፕቶፑ የ1960ዎቹን ፎቶ የዛሬ ነው ብሎ መጨረሻ ላይ ያደርገዋል። ስለዚህ አንድ አዲስ ፎልደር ክፈቺ፣ የመረጥሻቸውን ኮፒ አድርጊ (ኦሪጅናሎቹን አትንኪ)፣ ከዛ በራስሽ ቅደም ተከተል 001፣ 002፣ 003 እያልሽ ሪኔም አድርጊያቸው። ዜሮዎቹን እንዳትረሺ፣ 1፣ 2፣ 3 ብቻ ካልሽ አንዳንድ ፕሮግራም 10ን ከ2 በፊት ያመጣዋል።

አሁን ፓወርፖይንት ክፈቺና ኢንሰርት ውስጥ ፎቶ አልበም የሚለውን ተጫኚ፣ ፎልደሩን አሳዪውና ሁሉንም በአንዴ ምረጪ፣ ፒክቸር ሌይአውት የሚለው ላይ ፊት ቱ ስላይድ አድርጊና ክሬት በዪ፣ 80ውንም በየስላይዱ ራሱ ያስቀምጥልሻል። ከዛ ትራንዚሽን (ከአንዱ ፎቶ ወደ ሌላው የሚሻገርበት መንገድ) ውስጥ ፌድ የምትለዋን ምረጪ፣ ኦን ማውስ ክሊክ የሚለውን አጥፊ፣ አፍተር የሚለው ላይ 5 ሰከንድ ሙዪና አፕላይ ቱ ኦል። ትራንዚሽኑን አንድ ዓይነት ብቻ አድርጊው በጣም ነው የምለምንሽ፣ ፎቶው እየተሽከረከረ፣ እየተጠቀለለ፣ እየተሰባበረ ሲመጣ ሰው የአባትሽን ፊት ትቶ እሱን ነው የሚያየው። ዘፈን ለማስገባት መጀመሪያው ስላይድ ላይ ኢንሰርት ኦዲዮ፣ ከዛ ፕሌይ ኢን ባክግራውንድ፣ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። ስትጨርሺ ፋይል፣ ኤክስፖርት፣ ክሬት ኤ ቪዲዮ። ላፕቶፑን ቻርጀር ላይ ሰክተሽ ባትሪውም ሞልቶ ይሁን፣ መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ ከዜሮ እንዳትጀምሪ፣ እስኪጨርስም ሌላ ነገር አትክፈቺበት። በጣም ከዘገየብሽ የቪዲዮውን ጥራት ከ1080 ወደ 720 አውርጂው፣ ሳሎን ውስጥ ላለ ቲቪ ያን ያህል ለውጥ የለውም።

ለመግቢያው የባቡር ጣቢያውን ፎቶ ብታደርጊ ደስ ይለኛል፣ ከዚራ ወርደሽ ራስሽ አንሺው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬ ባይደርስ ከተማዋም በዛ ቦታ አትቆረቆርም ነበር፣ ለምድር ባቡር ሰው ከዚህ የተሻለ መክፈቻ አላውቅም።

ፓወርፖይንት ከሌለሽ በስልክሽ ካፕካት በሚባለው አፕ ስሪው፣ ፎቶ በነካሽበት ቅደም ተከተል ነው የሚደረድረው። ፕሮ የሚል ምልክት ያለበትን ኢፌክት ግን አትንኪ፣ ስታወጪው ክፈይ ይልሻል፣ መጨረሻ ላይ ራሱ የሚጨምራትን የማስታወቂያ ክሊፕም ነክተሽ አጥፊያት። ሾትከት የሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራምም ነፃ ነው፣ ዋተርማርክም (ቪዲዮው ላይ የሚለጠፍ የፕሮግራሙ ምልክት) የለውም፣ ፎቶ መርጠሽ ስላይድሾው አድርግልኝ የምትይበት ቦታ ሁላ አለው፣ ግን ለኤችዲ ስራ 8 ጂቢ ራም ይመክራሉ፣ ስለዚህ ላንቺ ለጊዜው ይቆይ። ዊንዶውስ 11 ያላችሁ አንባቢዎች ደሞ ክሊፕቻምፕ የሚባል የቪዲዮ ፕሮግራም አብሮ መጥቶላችኋል፣ እስከ 1080 በነፃ ያለ ዋተርማርክ ያወጣል፣ ኢንተርኔትና አካውንት ግን ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ ከሐረር ነኝ፣ ተማሪ ነኝ። ለትምህርት ቤት ክበባችን የጀጎልን አምስት በሮች በፎቶ ቪዲዮ እያደረግኩ ነው። ስማቸውን በአማርኛ ስጽፍ አንዳንዱ ፎንት ላይ ባዶ ሳጥን ሳጥን ይሆንብኛል፣ ጓደኛዬ ጽፎ የላከልኝ ደሞ ኮፒ ሳደርገው የእንግሊዝኛ ፊደል ዝብርቅርቅ ነው የሚመጣው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሁለት የተለያየ ችግር ነው ወንድሜ። ሳጥኑ ማለት የመረጥከው ፎንት ውስጥ የአማርኛ ፊደል የለም ማለት ነው፣ ያጌጡት ፎንቶች አብዛኞቹ የላቸውም። ኮምፒውተር ላይ ኒያላ ወይ ኤብሪማ ምረጥ፣ ከነሱ የተሻለ ከፈለግክ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይ አቢሲኒካን በነፃ አውርድ። የጓደኛህ ግን ምናልባት በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ ዓይነት ፎንት የተጻፈ ነው፣ እነሱ የእንግሊዝኛውን ፊደል ቦታ ይዘው ነው አማርኛ የሚመስሉት፣ ፎንቱ ሲነሳ ፊደሉም አብሮ ይሄዳል። ፊደላችን ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት መለያ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ስለሆነ ከዛ በፊት የነበረው አሰራር እንደዛ ነበር። በዩኒኮድ ኪቦርድ እንደገና ጻፈው፣ የስልክህ የአማርኛ ኪቦርድ ይበቃል።

አፑ ፎንት አልቀበልም ካለህ ደሞ ጽሁፉን ፎቶ አድርገው። ፓወርፖይንት ላይ አንድ ጥቁር ስላይድ፣ በነጭ ትልቅ ጽሁፍ "ሸዋ በር"፣ ከዛ ሴቭ አዝ ብለህ ጄፔግ ምረጥ፣ እንደማንኛውም ፎቶ አስገባው። ለፈላና፣ ለኤረር፣ ለሰንጋና ለቡዳ በርም እንደዚሁ። የሐረሪ ስማቸውንም ከስሩ ብትጨምር ቪዲዮው ከፍ ይላል፣ ትላልቆቹን ጠይቅና ጻፍ። በዛውም ፎቶዎቹን ጓደኞችህ በቴሌግራም የሚልኩልህ ከሆነ እንደ ፋይል ይላኩልህ፣ እንደ ፎቶ ሲላክ ጥራቱን ስለሚቀንሰው ትልቅ ስክሪን ላይ የግንቡ ድንጋይ ሁሉ ይደበዝዛል።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ ከዚራ። ልጄ የሰርጉን ፎቶዎች በቪዲዮ አድርጎ በፍላሽ ላከልኝ። ላፕቶፕ ላይ ይታያል፣ ቲቪው ግን አንዴ ፍላሹን አያውቀውም አንዴ ደግሞ ቪዲዮውን አልደግፍም ይላል።

መልስ፦ ጋሼ፣ እንኳን ደስ አለዎት። ቲቪው አልደግፍም ካለ አብዛኛውን ጊዜ የፋይሉ ዓይነት ነው ችግሩ። ልጅዎ ኤምፒ4 አድርጎ፣ ኮዴኩን (ቪዲዮው የሚታመቅበትን መንገድ) ኤች.264 ብሎ እንደገና ያውጣው፣ ብዙ ቲቪ የሚያነበው እሱን ነው። የድሮው ፓወርፖይንት 2010 የሚያወጣው ደብልዩኤምቪ የሚባል የፋይል ዓይነት ብዙ ቲቪ ላይ እምቢ ይላል። ፍላሹን ጭራሽ ካላወቀው ደግሞ ችግሩ የፍላሹ ፎርማት (ፋይል የሚያስቀምጥበት ዘዴ) ነው፣ ፋት32 የሚባለውን ያድርጉት፣ ፎርማት ሲደረግ ውስጡ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ መጀመሪያ ቪዲዮውን ላፕቶፕ ላይ ኮፒ አስደርገው ያስቀምጡ። ፋት32 ከ4 ጂቢ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም፣ የሰርጉ ቪዲዮ ከዛ ከበለጠ ልጅዎ ለሁለት ከፍሎ ያውጣልዎት። እስከዛው ግን እንግዳ ከመጣብዎት ላፕቶፑን በኤችዲኤምአይ ገመድ ቲቪው ላይ ይሰኩትና ከላፕቶፑ ያጫውቱት፣ ድምፁም በቲቪው ይወጣል።