ቡችላ፣ ውሃና ሽንት፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ቡችላን ውጭ መሽናት ስለማስለመድ ጥያቄ ካላችሁ አምጡ ብዬ ነበር። የመጡትን ሳያቸው አብዛኞቹ የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ነው፤ ስለ ውሃ ሳህኑ። ይነሳ? ይቀመጥ? ምን ያህል ይጠጣ? እኔ ውሻ አሳዳጊና አሰልጣኝ እንጂ የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም። ጉዳዩ የሐኪም ሲሆን እዛው እናገራለሁ። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ሰሚት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። የሁለት ወር ወንድ ቡችላ አለኝ። በየግማሽ ሰዓቱ ይሸናል። ጎረቤቴ «ውሃ ቀንሺበት፣ ይተዋል» አለችኝ። ጠዋትና ማታ ብቻ ብሰጠውስ?

መልስ፦ እንዳታደርጊው። ውሃ ስትቀንሺበት ሽንቱ አይቀርም፤ መቼ እንደሚመጣ ነው የማታውቂው። ቀኑን ሙሉ ሲጠማው የዋለ ቡችላ ማታ ሳህኑን ሲያገኝ ትንፋሽ እስኪያጥረው ይጠጣል። አንዳንዱ ወዲያው መልሶ ያስታውከዋል። ያላስታወከው ደግሞ ትንሽ ቆይቶ ሳሎኑን ያጥለቀልቀዋል። በዛ ላይ በዚህ ዕድሜ ኩላሊቱ ገና ስላልጠነከረ እንደ ትልቅ ውሻ ውሃ መቆጠብ አይችልም። ሰውነቱ ቶሎ ይደርቃል።

ቀን ላይ ውሃውን ተዪለት። የምትይዥው ሰዓቱን ነው። ምግብ በቀን ሦስት አራት ጊዜ፣ ሁሌም በተመሳሳይ ሰዓት ስጪው። ከእንቅልፉ እንደነቃ፣ በልቶ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ፣ ተጫውቶ ሲያበቃ፣ በደንብ ከጠጣ በኋላ አውጪው። ምልክቱንም ልመጂ። ጨዋታውን ድንገት ያቆማል። አፍንጫውን ወለሉ ላይ ተክሎ ክብ እየሠራ ይዞራል። ከዛ በኋላ ያለሽ ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው።

«አራተኛ ፎቅ እኮ ነው» ልትዪኝ ነው፤ ገብቶኛል። በእግሩ አታስወርጂው፣ ሁለተኛ ፎቅ ሳይደርስ ደረጃው ላይ ይለቀዋል። አቅፈሽው ውረጂ። ክትባቱን ካልጨረሰ ግን ሰፈር ውሻ ሁሉ የሚውልበት ቦታ አታውርጂው። እስኪጨርስ በረንዳ ላይ ዝቅ ያለ ትሪ አድርጊና አፈርና ሳር ሙዪበት። በኋላ ውጭ መሽናት ሲጀምር እግሩ ሳርን ያውቀዋል። በጋዜጣ ብቻ ያደገ ቡችላ ግን ወለል ላይ ያገኘው ወረቀት ሁሉ ሽንት ቤት ይመስለዋል።

ጥያቄ፦ ቁርጡን ንገረን። በቀን ስንት ይጠጣ?

መልስ፦ በኪሎ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር። ሦስት ኪሎ ከሆነ ከ150 እስከ 300 ማለት ነው፤ የግማሽ ሊትሯ ሃይላንድ ግማሽ አካባቢ። ደረቅ የውሻ ምግብ የሚበላ ወደ ላይኛው ቁጥር ይጠጋል፤ በውስጡ ያለው ውሃ ከመቶ 10 ገደማ ብቻ ነው። የቆርቆሮ ምግብ ግን ከመቶ 75 ገደማው ውሃ ነው፣ ስለዚህ ሳህኑን ብዙም ላይጠጋ ይችላል።

መለካት ከፈለጋችሁ ጠዋት ሃይላንዷን ሙሉና ቀኑን ሙሉ ከእሷ ብቻ ቅዱለት። ማታ ሳህኑ ላይ የቀረውን መልሳችሁ አስገቡና የጎደለውን እዩ። ከዚያ በፊት ግን ሽንት ቤት ያለውን ባልዲ ክደኑ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሁሉም ቤት ባልዲና በርሜል ሞልቶ ያስቀምጣል። ቡችላው ቀስ ብሎ ሄዶ ከዛ ይጠጣል፣ እናንተ «ምንም ሳይጠጣ ይሸናል» ትላላችሁ። ጎንበስ ሲል ገብቶ መውጣት ሊያቅተውም ይችላል። ባልዲው ተከድኖ፣ ሙቀት ሳይኖር፣ ለተከታታይ ቀናት በኪሎ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ከጠጣ ሐኪም ይየው።

ጥያቄ፦ የሦስት ወር ቡችላ ነው። ሌሊት ሦስት ጊዜ እያስነሳኝ ሥራ ቦታ ማንቀላፋት ጀምሬያለሁ። ማታ ውሃውን ስንት ሰዓት ላንሳ?

መልስ፦ ውሃ ማንሳት የሚፈቀደው በዚህ ሰዓት ብቻ ነው። 4 ሰዓት የምትተኛ ከሆነ 2 ሰዓት ላይ ሳህኑን አንሳ። ይሄ የሚሠራው ግን እራቱን ቀደም ብለህ፣ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ ከሰጠኸውና በልቶ እስኪበቃው ከጠጣ ነው። 2 ሰዓት ላይ ደረቅ ምግብ አብልተህ ውሃ መንሳት ማሰቃየት ነው። ሳህኑ ከተነሳ በኋላ ተጫውቶ ካለከለከ በቡና ስኒ ትንሽ ስጠው። አይጎዳህም። ልትተኛ ስትል የመጨረሻውን አውጣው፣ እስኪሸናም ቁም።

ቀጥሎ አላርም ሙላ፤ ሌሊት 8 ሰዓት አካባቢ። ሳይጮህ ቀድመህ ቀስቅሰው። ጮኾ ካስነሳህ ጩኸት ሰው እንደሚያመጣ ይማራል፣ ያንን ማስረሳት ደግሞ ከሽንቱ ይከብዳል። አውጣው፣ ይሽና፣ መልሰው። ወሬ የለም፣ ጨዋታ የለም፣ ብስኩት የለም። ይሄን ሰዓት ደረቅ ሆኖ ከደረሰ በየጥቂት ቀኑ አላርሙን ግማሽ ሰዓት ወደ ንጋት ግፋው።

ሦስቱም ጊዜ ሽንት ነው ብዬ ግን አላምንም። አውጥተኸው ዝም ብሎ የሚያይህ ከሆነ ወይ በርዶታል ወይ ናፍቆሃል። የአዲስ አበባን ሌሊት ታውቀዋለህ፣ ሴራሚክ ላይ ያለ ምንጣፍ ማን ይተኛል? ካርቶን አንጥፍ፣ በላዩ አሮጌ ብርድ ልብስ ጣል፣ ወደ አልጋህም አስጠጋው።

ሁለት ወር ላልሞላው፣ በጣም ትንሽ ለሆነና ለታመመ ቡችላ ግን ማታም ሳህኑን አታንሱ።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ወጥተን ማታ 12 ሰዓት ነው የምንገባው። ውሃ ሳንተውለት ብንሄድ አይሻልም?

መልስ፦ አይሻልም። የሦስት ወር ቡችላ ነቅቶ እያለ ከሦስት አራት ሰዓት በላይ አይችልም። ውሃ ኖረም አልኖረም ይሸናል። ልዩነቱ ተጠምቶ መዋሉ ነው። ወጥ ቤቱን ወይም ሻወር ቤቱን ልቀቁለት፤ በአንዱ ጥግ መኝታ፣ በሌላው ሳር ያለበት ትሪ፣ ውሃው ደግሞ በቀላሉ በማይገለበጥ ከባድ ሳህን። እኩለ ቀን ላይ የሚያወጣው ሰው የግድ ያስፈልጋችኋል፤ የጎረቤት ልጅም ሆነ የግቢው ጥበቃ። ማንም ከሌለ ቅር አይበላችሁና ለአሁኑ ቡችላ አይሆናችሁም። ዓመት ያለፈው፣ ጠባዩ የታወቀ ውሻ ውሰዱ።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ነኝ። እዚህ ማታም ይሞቃል። ሳህኑን ላንሳ?

መልስ፦ አታንሳ። ውሻ የሚቀዘቅዘው በማለክለክ ነው፣ ባለከለከ ቁጥር ውሃ ይወጣዋል። ጥላ ውስጥ ሁለት ሳህን አድርግ፣ ሌሊት አንድ ጊዜ ጨምረህ አውጣው። ዱባይና ሪያድ ያላችሁም በበጋው ይህንኑ አድርጉ።

ጥያቄ፦ የቤት ምግብ ነው የምሰጣት፣ የተረፈ ወጥ በእንጀራ። ውሃ ስትጠጣ አትጠግብም፣ ቤቱንም አርሳ አርሳ ጨረሰችው።

መልስ፦ ከውሃው በፊት ወጡን አንሺ። ጨው ያስጠማል፣ የጠማው ይጠጣል፣ የጠጣ ይሸናል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሽንቱ ሳይሆን ሽንኩርቱ ነው። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰባብራሉ። ተቁላልቶ ከወጡ ጋር ቢዋሃድም ያው ነው። ጾም ሲገባ በሽሮ ፍትፍት የሚከርሙ ውሾችን ሳስብ ያመኛል። ድዷ ከገረጣ፣ ከደከማት፣ ሽንቷ ቡናማ ወይም ቀይ ከመሰለ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ውሰጃት።

የእሷን ድርሻ ሽንኩርቱ ከመጣዱ በፊት ለይተሽ አውጪ፤ የተቀቀለ ሥጋ ወይም ትንሽ ጉበት፣ ሩዝ፣ ካሮት፣ ያለ ጨውና ያለ በርበሬ። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት አትስጪያት፣ ሲሰበር ይሾልና አንጀት ይወጋል። በቤት ምግብ ብቻ የምታድግ ከሆነ ግን ካልሲየሙን እንዴት እንደምታሟዪ ሐኪም አማክሪ።

ጥያቄ፦ ውሃውን ትቼ ወተት ብቻ ብሰጠውስ?

መልስ፦ ወተት የውሃን ቦታ አይተካም። ብዙ ቡችሎች የላም ወተት ያስቀምጣቸዋል፣ ተቅማጡ ደግሞ ያለውንም ውሃ ይዞ ይወጣል።

ጥያቄ፦ አምስት ወሯ ነው፣ ውጭ መሽናት ለምዳ ነበር። ከሰሞኑ ግን ቤት ውስጥ በየቦታው ጠብ ጠብ ታደርጋለች። ውሃ ልከልክላት?

መልስ፦ ፈጽሞ። የለመደች ቡችላ ድንገት ስትበላሽ መጀመሪያ የሚጠረጠረው በሽታ ነው። ቶሎ ቶሎ ቁጢጥ ብላ የሚወጣው ጥቂት ጠብታ ከሆነ፣ ካማጠች፣ ብልቷን አሁንም አሁንም ከላሰች፣ ሽንቱ ከከረፋ ወይም ደም ካለው የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ሴቶቹን ይበዛባቸዋል። ውሃ ስትከለከል ሽንቱ ይወፍራል፣ ሕመሙም ይብሳል። ንጹሕ ብልቃጥ አዘጋጂና ጠዋት ስትሸና ከሥር ተቀብለሽ በቶሎ ለሐኪም አድርሺው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ተኝታም ስትሄድም የሚያንጠባጥባት ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር ነው፤ ከኩላሊት የሚወርደው ቱቦ ያለቦታው ተሠርቶ ሊሆን ይችላል። እሱን ሥልጠና አያስተካክለውም።

ጥያቄ፦ ከሥራ ስገባ ከደስታዋ ብዛት እግሬ ሥር ትለቀዋለች። ስቆጣት ይብስባታል።

መልስ፦ መሽናቷን አታውቀውም እኮ። በሩን ከፍተህ ዝም ብለህ እለፍ። ዓይኗንም አትይ። ረጋ ስትል ቁጭ ብለህ ደረቷን እሻት፤ ከላይ ጎንበስ ብለህ ጭንቅላቷን አትያዝ። ሲያድጉ አብዛኞቹን ይተዋቸዋል።

በዚሁ ልጨምር፤ አፍንጫውን ሽንቱ ላይ የምታሹ ሰዎች አቁሙ። ቡችላው የሚማረው እናንተ ፊት አለመሽናትን ነው። ከዛ ሶፋ ጀርባ ይሄዳል፣ ውጭ ስታወጡትም አብራችሁት ቆማችሁ እያለ እምቢ ይላል።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ። በረዶ ላይ አወጣዋለሁ፣ ሃያ ደቂቃ ያሸታል፣ ምንም። ቤት ገብቶ ምንጣፉ ላይ። ክሬት (በር ያለው የውሻ ማደሪያ ሳጥን) ውስጥም ይሸናል።

መልስ፦ ሃያ ደቂቃ አትቁም፣ ሁለታችሁም ትቀዘቅዛላችሁ። አጭር ማሰሪያ ያዝ፣ አንድ ቦታ ላይ አምስት ደቂቃ ቁም። ካልሸና ግባ፣ ግን አትልቀቀው። ጭንህ ላይ ወይም ክሬት ውስጥ አሥር ደቂቃ ቆይቶ እንደገና ውጡ። ሲሸና እዛው ውጭ ሸልመው፤ ቤት ገብተህ የሰጠኸው ብስኩት ለመግባቱ ሽልማት ነው የሚመስለው። በረዶውን እየላሰ ከሆነም ውሃ ነውና ቁጠረው።

ክሬቱ ቆሞ፣ ዞሮ፣ ተኝቶ የሚበቃው ብቻ ይሁን። ሲያድግ ይሆነዋል ተብሎ ትልቁ ከተገዛ አንዱን ጥግ መኝታ፣ ሌላውን ሽንት ቤት ያደርገዋል። መለያያውን አስገብተህ አጥብበው። ቀን ከሁለት ሰዓት በላይ የሚቆይ ከሆነ በሩ ላይ የሚንጠለጠል ውሃ አድርግለት።

ጥያቄ፦ በበረኪና እያጸዳሁት ተመልሶ እዛው ይሸናል። ለምን?

መልስ፦ ላንቺ በረኪናው ሸተተሽ እንጂ ለሱ ሽንቱ እዛው አለ። ሲደርቅ የሚቀረውን ነገር የሚበላው ኢንዛይም ያለው ማጽጃ ነው፤ ካገኘሽ ግዢ። ካላገኘሽ መጀመሪያ በሶፍት ወይም በጨርቅ ተጭነሽ ምጠጪው፣ አትሹው። በውሃና በላርጎ እጠቢ፣ ከዛ አቼቶ ከእኩል ውሃ ጋር ቀላቅለሽ ርጪበትና ይድረቅ። እብነ በረድ ከሆነ አቼቶው ይቅር፣ ይበላዋል። አደራ፣ በረኪናና አቼቶ አንድ ላይ አታድርጊ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። በረኪና ትኩስ ሽንት ላይ ማፍሰስም መርዛማ ጭስ ያወጣል።

ጥያቄ፦ ከትናንት ጀምሮ ያስታውከዋል፣ ደም ያለበት ተቅማጥ አለው። የጠጣው ውሃ ስለሚወጣ ውሃ አቁሜበታለሁ።

መልስ፦ ይህን አንብበህ ስትጨርስ ተነስና ሐኪም ጋ ውሰደው። በተለይ ካልተከተበ ፓርቮ የሚባለው የቫይረስ በሽታ ሊሆን ይችላል፣ የሚገድለውም በአብዛኛው የውሃ ማጣቱ ነው። እስክትደርስ ትንሽ ትንሽ አቅርብለት፤ እምቢ ካለ ግን በጉሮሮው አታንቆርቁርበት፣ ሳንባው ይገባል። ድዱን ንካው። የሚያጣብቅና ደረቅ ከሆነ፣ ዓይኑም ከጎደጎደ በጣም ዘግይቷል ማለት ነው፣ በደም ሥር ፈሳሽ ይፈልጋል። ቢሾፍቱና አካባቢው ላላችሁ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዛው ነው። ገና ያልታመመ ቡችላ ያላችሁ ደግሞ ክትባቱን ከ6 እስከ 8 ሳምንት ጀምሩና ሐኪሙ በሚላችሁ ልዩነት እስከ 16 ሳምንት ቀጥሉ። አንዴ ተወግቶ አያበቃም።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኛ ስንት ውሻ አሳድገናል፣ ከቦዩም ከኩሬውም ጠጥቶ ያድግ ነበር። ይሄ ሁሉ ሚሊ ሊትር ለምንድነው?

መልስ፦ ልክ ነዎት እማማ፣ የግቢ ውሻ ሲሸና ማንም አያይበትም። ሚሊ ሊትሩን ያመጣው ኮንዶሚኒየም ነው። ከቦይና ከኩሬ መጠጣቱን ግን አሁን ይከልክሉልኝ። በክረምት የአይጥ ሽንት በጎርፍ እዛ ይገባል፣ ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባል በሽታም ይዞ ይመጣል። ከውሻው ወደ ሰውም ይተላለፋል። ጠዋት ጠዋት ንጹሕ ውሃ ካገኘ ወደ ቦዩ መሄዱ ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ ሳህኑን ማታ ማንሳት መቼ ላቁም?

መልስ፦ ለሁለት ሦስት ሳምንት ሌሊቱን ሳይሸና ካደረ ተዉት። ብዙዎቹ ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ይደርሳሉ፣ ትናንሽ ዝርያዎች ይዘገያሉ። አንድ ሌሊት ቢያመልጠው እንደገና ከመጀመሪያው አትጀምሩ፣ ያን ቀን ምን እንደበላና መቼ እንደወጣ ብቻ አስቡ። ሳህኑንም በየቀኑ እጠቡት። ውስጡን በጣታችሁ ስትነኩት ካሟለጨ በውሃ ማለቅለቁ አልበቃውም፣ ላርጎ ይፈልጋል።