የቮልሷ የግራ በር

ባለፈው ሳምንት አንድ የሰፈር ልጅ ስልኩን ይዞ ቤቴ መጣ። ከሳጥን አውጥቶ ራሱ የገጣጠማትን ትንሽ የፕላስቲክ ቮልስ ሞዴል ፎቶ አሳየኝ። "ጋሼ፣ ሁሉንም እንደ መመሪያው ነው የሠራሁት። ለምንድን ነው አሻንጉሊት የምትመስለው?" አለኝ። መልሱን በአምስት ደቂቃ ነገርኩት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ልጁ ሳያውቅ የቆየ ቁስል ነክቶ ነው የሄደው። እስቲ ለሱም፣ እንደሱ ጠረጴዛ ላይ ለምታጎነብሱትም ልጻፈው።

መልሱን ላስቀድም። አርባ ዓመት ጋራዥ ውስጥ ኖሬያለሁ፤ መጀመሪያ ባቱላሜራ፣ በኋላ ቀለም ቀቢ። የእውነተኛ መኪና ቀለም ንብርብሩ ሁሉ ተደምሮ ከ0.1 ሚሊ ሜትር ብዙም አይርቅም። አንተ ሞዴልህን የዚያን ግማሽ ቀባሃት እንበል፤ 0.05። ሞዴልህ ከእውነተኛዋ 24 ጊዜ ታንሳለች። ቀለሙን በ24 ስታበዛው 1.2 ሚሊ ሜትር ይሆናል! እንዲህ የተለሰነች መኪና ጋራዣችን ብትመጣ ኖሮ "ስቱኮ ነው ወይስ ቆርቆሮ?" ብለን እንሳሳቅ ነበር። የበሩ ጠርዝ ይደፈናል፤ የኮፈኑ መስመር ይጠፋል። አሻንጉሊት የሚያስመስላት ይሄ ነው። ስለዚህ አቅጥነህ፣ ደጋግመህ እርጭ። ከደረቀ በኋላ በ2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በውሃ እሸው። በበሩ ዙሪያ ያለውን ስንጥቅ በጣም በቀጠነ ጥቁር ቡናማ አስምረው፤ ድፍን ጥቁር አይሁን። ስለ መቁረጥና ስለ ማጣበቅ ሳጥኑ ውስጥ ተጽፏል፤ አልደግመውም። ብቻ መስታወቱ አጠገብ ሱፐር ግሉ እንዳታደርስ። ጭሱ ጉም ያለብሰዋል። የአናጢ ነጭ ኮላ ይበቃዋል። ይሄን የተማርኩት አንድ የኋላ መስታወት ገድዬ ነው።

አሁን ወደ ቁስሉ።

ሰፈራችን ውስጥ አንድ መምህር ነበሩ። ትልቁም ትንሹም "ቲቸር" ነበር የሚላቸው። የ1966 እ.ኤ.አ. ክሬም ቮልስ ነበረቻቸው፤ ከኋላዋ 1300 የሚል ምልክት ያላት። ጉልበቷ 40 ፈረስ ነው። ባትሪዋ 6 ቮልት ስለነበር ማታ መብራቷ ሻማ ማለት ነው። አንድ ጊዜ ከደብረ ብርሃን ስንመለስ መሸብን። ቲቸር "ያንተ ዓይን ልጅ ነው" ብለው መንገድ አሳይ አሉኝ። "ትንሽ ወደ ቀኝ፣ አሁን ቀጥ" እያልኩ አዲስ አበባ ገባን። ይሄ እንኳ ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም፤ ዝም ብሎ ትዝ አለኝ።

በ1972 ዓ.ም. አንድ ጋሪ የግራ በሯን ገጫት። በሩ የሚቃና አልነበረም። ከተበታተነች ሌላ ቮልስ በር አገኘን። ቀለም ግን እንደ ልብ የሚገኝበት ጊዜ አይደለም። ከሦስት ቆርቆሮ ትራፊ ቀላቅዬ፣ ማታ በአምፖል ብርሃን ከቦዲው ጋር አመሳሰልኩት። አምፖሉ ስር አንድ ናቸው፤ ኮራሁ። ጠዋት ፀሐይ ላይ ስናወጣት በሩ አረንጓዴ አረንጓዴ ይላል። ሁለት ቀለም በአምፖል ተመሳስሎ በፀሐይ ሊለያይ እንደሚችል ያኔ አላውቅም ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልኩ። ቲቸር ግን ሳቁ። "ተወው፣ ለምልክት ይሆነኛል" አሉ።

ከ21 ሚሊዮን በላይ ቮልስ ተሠርቷል። የመጨረሻዋ በ2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ውስጥ ወጣች። ከዚያ ሁሉ መሃል ቲቸር የራሳቸውን በበሯ ይለዩአት ነበር። ሃያ ምናምን ዓመት ያንን በር ከፍተው ገቡ፣ ዘግተው ወጡ። እኔ ደግሞ መኪናዋ ባለፈች ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ።

ከተሸጠች ከዓመታት በኋላ ልጃቸው ከዋሽንግተን መጣች። ታሚያ የሚባለው የጃፓን ሞዴል ሠሪ ያወጣትን ቮልስ በሳጥን ይዛ ነው፤ ያው የ1966ቷን 1300። "የአባዬን አድርገህ ሥራልኝ" አለችኝ። ቲቸር ያኔ ሰማንያን አልፈዋል። አራት ወር ለፋሁባት። ርዝመቷ 17 ሳንቲ ሜትር ነው። የሚረጭ ቀለም በአውሮፕላን ሻንጣ ስለማይፈቀድ የጋራዥ ናይትሮ ቀለም ተጠቀምኩ፤ ፕላስቲኩን እንዳይበላው ከስሩ ሌላ ቀለም አስቀድሜ። ፖርቶ መጋላውን ከቀጭን ሽቦ በየዳልኩት። የቀኙን ስፖኪዮ እንደነበረችው ትንሽ አዘመምኩት። ታርጋዋን በእጄ ጻፍኩ። እንዲህ ተጠንቅቄ፣ ተጠንቅቄ፣ በሩ ላይ ስደርስ ከሌላው ጋር አንድ ዓይነት ክሬም ቀባሁት። ስህተቴን 24 ጊዜ አንሶ እንኳ ማየት አልፈለግኩም።

ሰኔ ላይ ወሰድኩላቸው። ቲቸር ዓይናቸው ድረስ አስጠግተው አገላበጧት። ፖርቶ መጋላውን አይተው ፈገግ አሉ። ከዚያ በግራ በኩል አዞሯት።

"እጅህ ይባረክ። የማን ናት?"

"የእርስዎ ናት እንጂ፣ ቲቸር።"

"የኔማ በሯ..." አሉና ተዉት። ጨዋ ሰው ናቸው። ሻይ አዘዙልኝ፤ ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ።

ልጃቸውን በር ላይ "በሩን አስተካክለዋለሁ፣ ክረምቱ ይውጣ" አልኳት። ውሸት አይደለም። ናይትሮ በእርጥብ አየር ሲረጭ ነጭ ጉም ያወጣል። ግን ሐምሌም እኮ ፀሐይ ብልጭ የሚልበት ቀን አለው። አንድ ደረቅ ከሰዓት ይበቃኝ ነበር። ቲቸር ነሐሴ ላይ አረፉ።

የዛሬ ልጆች ትዕግስት የላችሁም፤ ቪዲዮውን እንኳ በእጥፍ ፍጥነት ነው የምታዩት። ቀለሙ ሳይደርቅ ፎቶ ትለቃላችሁ። እንዲያ ስላችሁ ግን እኔን የጎዳኝ ትዕግስቴ ነው፤ ስለዚህ ምክሩን እናንተው ምረጡ። ሌላው ዝገት ነው። ሞዴሉን ሁሉ ዝገት ታለብሱታላችሁ፤ ያምርባችኋል መሰላችሁ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከባሕር ጨው የራቀች ከተማ ናት። ቮልስን እዚህ እንደ ጅቡቲ ዝገት አይበላውም። የዚህ አገር መኪና የሚለብሰው አቧራ ነው፤ ክረምት ላይ ጭቃ። የማንን መኪና እንደምትሠሩ ሰውየውን ጠይቁት። የቱ ጎን እንደተገጨ፣ ማን እንዳቃናው። መኪና አታበላሹ እያልኩ ደግሞ ጉድለቷን ሥሩ ማለቴ ነው። አውቃለሁ፣ አይገጥምም።

ሞዴሏን ልጃቸው ለኔ ተወችልኝ። በሩ አይከፈትም፤ ከቦዲው ጋር አንድ ላይ የወጣ ነው። ዙሪያውን በቴፕ ሸፍኜ ያንን አረንጓዴ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። አንዴ ሰማያዊ ሆነብኝ፣ አንዴ ቢጫ፣ አንዴ ልክ እንደ ቦዲው ቁጭ አለ። አርባ ዓመት የሠራ እጅ የድሮ ስህተቱን መድገም አቃተው። የሰፈሩ ልጅ ይሄን ስነግረው ትንሽ አሰበና "ጋሼ፣ ያኔ በምን ብርሃን ነበር የቀላቀሉት?" አለኝ። የድሮ ቢጫ አምፖል የሚሸጥበት ሱቅ አውቃለሁ ብሏል። ቅዳሜ ይዞልኝ ይመጣል።