የድሮ መኪናን ማን ይረከበዋል? ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን «ክላሲክ መኪና የሚሰበስቡት ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው፤ እነሱ ሲያልፉ ገበያውም አብሯቸው ያልፋል» የሚል ክርክር ደጋግሜ ሰማሁ። ጨረታ በመከታተልና ለገዢዎች መኪና በማየት ዓመታት ስላሳለፍኩ፣ የመጡልኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው ልመልስ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሳታንዛዛ ንገረን፤ ገበያው እየሞተ ነው?

መልስ፦ እየሞተ አይደለም፤ ፈላጊው ነው እየተቀየረ ያለው። ሰው እጁ ላይ ገንዘብ ሲገባ የሚያምረው በአሥራ አምስት ዓመቱ ፎቶውን ግድግዳ ላይ ለጥፎት የነበረው መኪና ነው። የመግዛት አቅሙ ደግሞ የሚመጣው የቤት ብድሩ ሲቃለል፣ ልጆቹ ሲያድጉ ነው። ስለዚህ አንድ መኪና ከተመረተ ከሃያ አምስት፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ፈላጊው ይበዛል፤ ያ ትውልድ ሲያረጅ ሻጩ ከገዢው ይበልጣል። ከ1946 እስከ 1964 የተወለዱት በጉርምስናቸው ያዩት ፎርድ ሙስታንግንና ትልልቅ ሞተር የተገጠመላቸውን የ1960ዎቹ የአሜሪካ መኪኖች ነበር። ገበያውን ለረጅም ጊዜ የያዙት እነሱ ናቸው። አሁን እየሸጡ ነው፤ ከኋላቸው የመጣው ገዢ ልቡ ያለው 1980ዎቹና 1990ዎቹ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ ሰባ አልፏል። አንድ ፎርድ ሞዴል ቲን ጨምሮ አራት መኪኖች አሉኝ፤ ልጆቼ ዞር ብለው አያዩዋቸውም። ሁሉንም ብሸጣቸው ይሻላል?

መልስ፦ ጋሼ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ ከልጆችዎ መካከል ሞዴል ቲውን መንዳት የሚችል አለ? የለም ብዬ እገምታለሁ። መኪናውን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ፦ ሦስት ፔዳል አለው፣ ከሦስቱ አንዱም ግን ነዳጅ አይሰጥም። ነዳጁ የሚሰጠው ከመሪው ሥር በቀኝ በኩል ባለች የእጅ ማንሻ ነው። የግራው ፔዳል እስከ ታች ሲረገጥ ዝቅተኛው ማርሽ ይገባል፤ ግማሽ ላይ ሲያዝ ፎሌ ነው፤ የእጅ ፍሬኑ ወደ ፊት ተለቆ ፔዳሉ ሲለቀቅ ከፍተኛው ማርሽ ይይዛል። የመካከለኛው ወደ ኋላ ይወስዳል። ፍሬኑ በስተቀኝ ነው፤ ማለትም ዛሬ ነዳጅ የምንሰጥበት ቦታ ላይ። የዘመኑን መኪና የለመደ ልጅ ለመፍጠን ቀኝ እግሩን ሲረግጥ መኪናው ይቆምበታል።

እንዲህ ያለ መኪና አጠገቡ ተቀምጦ የሚያስተምር ሰው ከሌለ አይወደድም። የልጅ ልጅዎም ቢሆን ይሁን፤ መኪና በማያልፍበት ሜዳ አንድ ከሰዓት ያስነዱት። ከዚያ በኋላም ካልፈለገው ያለ ጸጸት ይሽጡ። የሚጠብቁትን ዋጋ ግን ቀነስ ያድርጉ። ሞዴል ቲ ከ1908 እስከ 1927 ከ15 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል፤ ብርቅ አይደለም። በልጅነቱ መንገድ ላይ ሲሄድ አይቶት የናፈቀው ትውልድም አልፏል።

ስለ አራቱም የምለው አንድ ነው፦ በአንድ ወር ውስጥ ሁሉንም ገበያ አያውጡ። ደግሞም ከማን እንደገዙ፣ ሞተሩ ተቀይሮ ከሆነ መቼ እንደተቀየረ፣ ማን እንደጠገነው በእጅዎ ጽፈው ከደረሰኞቹ ጋር ያስቀምጡ። ወራሽ በጥድፊያ የሚሸጠው፣ ታሪኩን የሚናገርለት የሌለው መኪና ዋጋው ሲወድቅ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩት ሁሉ ዋጋ እያጡ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ ሁሉም አይደሉም። ቡጋቲ 57 ኤስሲ አትላንቲክ፣ ዱዘንበርግ ጄ፣ አልፋ ሮሜዮ 8ሲ 2900 ለመወደድ የማንንም የልጅነት ትዝታ አይጠብቁም፤ በሥራቸው ጥራትና በብርቅነታቸው ይኖራሉ። ከጦርነቱ በኋላ ከተሠሩትም እንደዚያው የሆኑ አሉ። ሁለት ብቻ ከተሠሩት የ1955 መርሰዲስ 300 ኤስኤልአር ኡሌንሃውት ኩፔዎች አንዱ በ2022 በ135 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጧል። የሚጎዳው መሐል ላይ ያለው ነው፦ ደህና፣ የሚያምር፣ ግን በብዛት የተመረተ፣ ውድድር ያላሸነፈ መኪና። ለእሱ የሚከራከርለት ትዝታ ብቻ ነበር።

ጥያቄ፦ የጃፓን መኪኖች እንዲህ የተወደዱት ለምንድን ነው? እኛ ዘንድ እኮ ተራ መኪና ነበሩ!

መልስ፦ ይህ የምወደው ጥያቄ ነው። የቀድሞው ሰብሳቢ የወደደውን መኪና ቢያንስ ጎረቤት ደጅ ቆሞ አይቶታል። ኒሳን ስካይላይን ጂቲ-አርን ግን አሜሪካ ውስጥ ያደገ ልጅ መንገድ ላይ አላየውም፤ በአዲስነቱ እዚያ በይፋ አልተሸጠም። ያወቀው በጌም ነው። ግራን ቱሪስሞ የሚባለው ጌም በ1998 አሜሪካ ሲገባ ልጁ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ሞተሩን አሳደገ፣ ጎማውን ቀየረ፣ ከዶጅ ቫይፐር ጋር ተወዳደረ። ትዝታ ለመያዝ መኪናውን መንካት ያላስፈለገው የመጀመሪያው ትውልድ ይሄ ነው።

በዚያ ላይ ሕጉ አለ። አሜሪካ የራሷን የደኅንነት መስፈርት የማያሟላ መኪና እንዲገባ የምትፈቅደው ከተመረተ 25 ዓመት ሲሞላው ነው። ከስካይላይን ጂቲ-አር ሞዴሎች መካከል የ1989ኙ አር32 በ2014፣ የ1999ኙ አር34 በ2024 መግባት ጀመሩ። ቀኑ ሳይደርስ ገዝቶ አስቀምጦ የሚጠብቅ ነጋዴ ስለነበረ ዋጋው በሩ ከመከፈቱ በፊት ወጣ። አንድ ማሳሰቢያ፦ በ2021 አንድ የ1994 ቶዮታ ሱፕራ በ550,000 ዶላር ተሸጠ ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እሱ ፊልም ላይ የተነዳው ራሱ መኪናው ነው። የጎረቤታችሁን ሱፕራ በዚያ አትመኑ።

ጥያቄ፦ ወጣቱ ማንዋል ማርሽ አይችልም፤ ይህ ዋጋ አይጥልም?

መልስ፦ በተቃራኒው። ከአዳዲሶቹ እየጠፋ ስለሄደ በድሮው ላይ ተፈላጊ ሆነ። ፌራሪ ኤፍ430 ማንዋሉ ከአውቶሜትድ ማርሹ በብዙ ይበልጣል፤ ሁለቱ ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ዘመን የወጡ ናቸው።

ጥያቄ፦ ኢንተርኔት ላይ የሚደረግ ጨረታ ይታመናል?

መልስ፦ በደንብ ከሠሩበት አዎ። ብሪንግ ኤ ትሬለር የሚባለው ድረ ገጽ በ2007 ተነሳ፣ በ2014 ጨረታ ጀመረ፤ ወጣቱን ገዢ ያመጣው እንዲህ ያለው መድረክ ነው። እዚያ ሻጩ የመኪናውን ሆድ ፎቶ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሳ የሚያሳይ ቪዲዮ፣ የጥገና ወረቀት ይለጥፋል፤ ካልለጠፈ የሚያውቁ ሰዎች በሁሉም ፊት ያፋጥጡታል። የአዳራሽ ጨረታ ላይ ቀለሙ ካብረቀረቀ ብዙ ነገር ይሸፈን ነበር። ቢሆንም አካባቢው ላይ ያለ መካኒክ ሳያየው ዋጋ አትጥሩ።

ጥያቄ፦ ካርቡሬተር የሚያውቁ መካኒኮች እያለቁ ነው። ነገ ማን ይጠግናል?

መልስ፦ እያለቁ መሆናቸው እውነት ነው፤ ካንሳስ ያለው ማክፈርሰን ኮሌጅ ዓይነት በመኪና እድሳት ዲግሪ የሚሰጥ ተቋም ብርቅ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የ1990ዎቹ መኪና ነው። የተጎዳ ላሜራ በመዶሻ ይቀናል፣ ካርቡሬተር ተፈትቶ ይታጠባል። የሞተር መቆጣጠሪያው ኮምፒውተር ውስጥ ያሉ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያቁሩ ትንንሽ ዕቃዎች) ሲያፈሱ ግን ፈሳሹ የቦርዱን መስመር ይበላዋል፤ መኪናው አንድ ቀን ይነሳል፣ አንድ ቀን ይከለክላል። የተሰነጣጠቀ ፕላስቲክ ዳሽቦርድንም ቀጥቅጦ የሚያቀና የለም። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ፋብሪካው ዛሬም መለዋወጫ ያወጣ እንደሆነ ጠይቁ። ቶዮታ ለሱፕራ፣ ማዝዳ ለመጀመሪያው ኤምኤክስ-5፣ ኒሳን ለስካይላይን ጂቲ-አር አንዳንድ ዕቃዎችን እንደገና ማምረት ጀምረዋል። ብዙ ኤሌክትሮኒክስ የተጫነበት የዚያ ዘመን የቅንጦት መኪና በርካሽ ሲቀርብላችሁ፣ ርካሽ የሆነበት ምክንያት አለው።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ ሞተር ባስገባበትስ?

መልስ፦ መኪናው ያንተ ነው። የወጣውን ሞተርና ማርሽ ግን አትሽጠው፤ ቦዲውንም አትቁረጥ። የሚገዛህ ሰው መመለስ ይፈልግ ይሆናል።

ጥያቄ፦ እንደ ኢንቨስትመንት ብገዛ?

መልስ፦ አልመክርሽም። ኤንዞ ፌራሪ በነሐሴ 1988 ሲሞት የፌራሪ ዋጋ ሰማይ ወጣ፤ መኪና ነድተው የማያውቁ ሰዎች ሳይቀሩ ተበድረው ገዙ፤ በ1990 ገበያው ሲሰበር ዕዳው በእጃቸው ቀረ። ደግሞም ቆሞም ወጪ ነው፦ ኢንሹራንስ፣ ማስቀመጫ ቦታ፣ ሳይነዳም የሚያረጅ ጎማ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የምትሸጪለትን ትውልድ ጣዕም ዛሬ መገመት አለብሽ። እሱ ገና ትምህርት ቤት ነው።

ጥያቄ፦ በጀቴ ትንሽ ነው፤ የመጀመሪያዬ ምን ይሁን?

መልስ፦ ከሁለቱ ትውልድ አንዳንድ ትንሽ ስፖርት መኪና ልስጥህ፦ የእንግሊዙ ኤምጂቢ ወይም ማዝዳ ኤምኤክስ-5። ኤምጂቢ ከ1962 እስከ 1980 ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተመርቷል፤ መለዋወጫው ሞልቷል፣ ሽማግሌዎቹ እየሸጡት ስለሆነም መደራደር ይቻላል። ኤምኤክስ-5 ከ1989 ጀምሮ አለ፣ በ2016 አንድ ሚሊዮን አልፏል፤ የበለጠ አስተማማኝ ነው፣ ፈላጊው ግን እየጨመረ ነው። እኔ ብሆን ኤምጂቢውን እወስዳለሁ፤ በገዛ እጅ ፈትቶ ለመማር ይመቻል። ለማየት ስትሄድ በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት ያዝ። ከበሩ ሥር ያለውን ደፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ አስነካው፤ ይህ ክፍል መኪናውን የተሸከመ ነው። ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ካለ ከቀለሙ ሥር ያለው ስቱኮ ነው፤ ሻጩ ምንም ቢልህ ሌላ ፈልግ።