የግቢያችሁን ዝናብ ለደቻቱ አታስረክቡ

በሕንፃ ሙያ ገና ለጀመራችሁ ልጆቼ፣

ድሬዳዋ ላይ ሕንፃ የሚነድፍ ሰው አብዛኛውን ዓመት ደርቆ የሚያየውን የደቻቱን ወንዝ አሸዋ እየተሻገረ ስለ ጎርፍ ማሰብ ይከብደዋል። ሆኖም ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊቱ ሳይነጋ ከላይ ካሉት ተራሮች የወረደው ውሃ በዚያው አሸዋ ላይ መጥቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ። ያን ጎርፍ የአንድ ሕንፃ ግቢ አላመጣውም፣ ሊያስቀረውም አይችልም ነበር፤ ይህን አስቀድሜ የምናገረው «አረንጓዴ ሕንፃ» (አካባቢን እንዳይጎዳ ታስቦ የሚሠራ ሕንፃ) ለሚለው ስም ከሚገባው በላይ ክብር እንዳትሰጡት ነው። ነገር ግን ዋናው ጎርፍ ከተራራ መምጣቱ የእኛን ኃላፊነት አያቃልለውም።

እኔ በወጣትነቴ ለአንድ የመጋዘን ግቢ ዝናቡን ተቀብሎ በቀጭን ቱቦ ቀስ በቀስ የሚለቅ ገንዳ ነድፌ ነበር። በስሌቱ መሠረት ከፍተኛው ፍሰት በግማሽ ቀነሰ፣ አሠሪውም ተደሰተ፣ እኔም ኮራሁ። ከግቢው የሚወጣው ጠቅላላ ውሃ ግን በአንድ ሊትር እንኳ እንዳልቀነሰ፣ የተለወጠው የሚወጣበት ሰዓት ብቻ እንደሆነ የተገነዘብኩት ዘግይቼ ነው። የከተማው ዝናብ ቶሎ ወርዶ የሚያልፍ ሲሆን የተራራው ውሃ ግን መንገዱ ረጅም ስለሆነ ቆይቶ ይደርሳል፤ ስለዚህ የእኔ ገንዳ ያቆየውን ውሃ ምናልባት ደቻቱ በሞላበት ሰዓት ይጨምርበት ነበር። ሊድ የተባለው የአሜሪካ የአረንጓዴ ሕንፃ መመዘኛ በ2009 እትሙ (እ.ኤ.አ.) ከፍሰቱ ፍጥነት ጎን ለጎን የውሃውን ብዛት መገደብንም የጠየቀው ያለ ምክንያት አይደለም።

ስለዚህ ብዛቱን ቁጠሩ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። ጣሪያውና ንጣፉ ተደምረው 1,000 ካሬ ሜትር በሆኑበት ግቢ 40 ሚሊ ሜትር ቢዘንብና ከዚያ ውስጥ 90 በመቶው ቢፈስ፣ 36 ሜትር ኩብ ይወጣል። ያው መሬት ሳይሠራበት 30 በመቶውን ብቻ ያፈስ ከነበረ 12 ሜትር ኩብ ነበር ማለት ነው። ልዩነቱ 24 ሜትር ኩብ ነው፤ ያ ውሃ የእናንተ ሕንፃ የወለደው ስለሆነ ግቢው ውስጥ ሊቀር ይገባል።

ከዚህ ውስጥ 10 ሜትር ኩቡን ከአሸንዳው ወደ ታንከር ብታስገቡት ለአትክልትና ለሽንት ቤት ይሆናል። እዚህ ላይ ሰዎቻችን የሞላ ታንከር ማየት ይወዳሉ፤ ውሃ በሚጠፋበት ከተማ አልፈርድባቸውም። ይሁን እንጂ ለጎርፍ ጉዳይ ሞልቶ የሚጠብቅ ታንከር እንደሌለ ስለሚቆጠር፣ በሐምሌና በነሐሴ ከአንዱ ዝናብ እስከ ሌላው በየቀኑ መቀዳት አለበት። የቀረውን 14 ሜትር ኩብ በጠጠር የተሞላ ማስረጊያ ጉድጓድ ይቀበለዋል። ከጠጠሩ መካከል ክፍት የሚሆነው 40 በመቶ ገደማ ስለሆነ ቁፋሮው 35 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ይህን ዘንግተው 14 ሜትር ኩብ ብቻ ያስቆፈሩ አጋጥመውኛል።

አሸዋማ አፈር ውሃ ቶሎ ቢያሰርግም በግምት አትመኑት። በቦታው ጉድጓድ ቆፍራችሁ፣ ውሃ ሞልታችሁ፣ በሰዓት ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚወርድ ለኩ። የከተማው የመጠጥ ውሃ ከከርሰ ምድር ስለሚቀዳ ማስረጊያውን ከሽንት ቤት ጉድጓድ አርቁት፤ ከሕንፃው መሠረትም እንዲሁ። ከመግቢያው በፊት የደለል ማቆሚያ ካልሠራችሁለት የጣሪያው አቧራ ጠጠሩን ይደፍነዋል። በአሸዋ ላይ የተነጠፈ ኮብልስቶንም ውሃ ያሳልፋል፣ ግንበኛው «እንዲያምር» ብሎ መገጣጠሚያውን በሲሚንቶ እስካልሞላው ድረስ።

ከሒሳባችሁ በላይ የሚዘንብበት ቀን ስለማይቀር፣ የትርፉ ውሃ መውጫ በጎረቤት አጥር ሥር ሳይሆን ወደ መንገዱ ቦይ እንዲሆን ከመጀመሪያው ንድፍ ላይ አሳዩት።