በሳምንት ሦስት ጨዋታ ካለ ስንት ተጫዋች ይቀየር?

ወንድሜ፣ ሁሉንም አትቀይር። 18 ልጆች ይዘህ ረቡዕ፣ ቅዳሜና ሰኞ የምትጫወት ከሆነ ከቋሚ 11ዱ ሦስት ወይም አራት መቀየር ይበቃሃል።

በረኛውንና ሁለቱን የመሐል ተከላካዮች አትንካቸው። ማን ወጥቶ ኳሱን እንደሚያገኝ፣ ማን ከኋላ እንደሚሸፍን ሳይነጋገሩ የሚያውቁት አብረው ስለቆዩ ነው። የምታፈራርቀው የመስመር ተጫዋቾችንና አማካዮችን ነው። ብዙ የሚሮጡት እነሱ ናቸው፤ በሀዋሳ የቀትር ፀሐይ ደግሞ ቶሎ ይዝላሉ። ጡንቻ ከከባድ ጨዋታ በኋላ እስኪያገግም ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል። ውድድራችሁ 5 ቅያሪ ከፈቀደ ደግሞ በ60ኛው ደቂቃ ላይ ሁለቱን አሳርፍ። ውጤቱ እስኪለይ አትጠብቅ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ተጠባባቂ የሚሆነውን ልጅ ከዋዜማው ለብቻው ንገረው። እኔ ሐይቁ አካባቢ ስንጫወት አንዱን የመስመር ተጫዋቼን ሜዳ ዳር ነገርኩት፣ ጫማውን አስሮ ከጨረሰ በኋላ። ምንም አላለኝም። ማሊያውን አጣጥፎ አግዳሚው ላይ አስቀመጠና ሄደ። ሁለት ሳምንት ልምምድ ቀረ። ቤቱ ድረስ ሄጄ፣ እናቱ ፊት ይቅርታ ጠይቄ ነው የመለስኩት።