ሲግናሉ ሙሉ ነው፤ ኢንተርኔቱ የት ሄደ?

«ጋሼ፣ የምኖረው አዳማ ነው፣ ቦኩ አካባቢ። ራውተሩ ዋናው ቤት ሳሎን ውስጥ ነው ያለው። እኔ የማድረው ከግቢው ጀርባ ሰርቪስ ቤት ነው። ርቀቱ 20 ሜትር አይሞላም። ግን ዋይፋዩ ክፍሌ ሲደርስ አንድ ወይ ሁለት መስመር ብቻ ነው የሚያሳየው። ሪፒተር ገዝቼ ክፍሌ ሰካሁ። ሲግናሉ ሙሉ ሆነ፣ ኢንተርኔቱ ግን ጭራሽ ባሰበት። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ደግሞ ለሁላችንም ይቆራረጣል። መስመሩ ፋይበር ነው፣ የምንከፍለው ለ10 ሜጋ ነው። የድሮው የስልክ መስመር ራውተር ቁም ሳጥን ውስጥ አለ። እናቴ ያሁኑም አርጅቷል ትላለች። አዲስ ልግዛ ወይስ ምን ይሻለኛል?»

ወንድሜ፣ ገንዘብህን ያዝ። ለጊዜው ምንም አትግዛ። እንዳነበብኩት ቤታችሁ ያለው በሽታ አንድ አይደለም፣ ሁለት ነው። የክፍልህ ሌላ፣ የማታው ሌላ። ሁለቱ ሲደባለቁ ነው ሁሉም ሰው ራውተሩ ላይ የሚፈርደው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ስልክህ ላይ የምታየው የዋይፋይ ምልክት ኢንተርኔት መኖሩን አይነግርህም። የሚነግርህ ስልክህ ከራውተሩ ወይም ከሪፒተሩ ጋር ምን ያህል እንደሚሰማማ ብቻ ነው። ቧንቧህ ከሮቶው ጋር በደንብ ተገጥሟል ማለት ነው፤ ሮቶው ውስጥ ውሃ ይኑር አይኑር ሌላ ጥያቄ ነው። የውሃ ወረፋ የሚያውቅ ሰው ይህ ይገባዋል።

የሪፒተርህም ነገር ይኸው ነው። ሪፒተር ከራሱ ኢንተርኔት አያወጣም፣ የሰማውን ይደግማል። አንተ ደግሞ የሰካኸው ሲግናሉ ሊሞት ባለበት ቦታ ነው። በቅጡ ያልሰማውን ምን ብሎ ይድገም? ከሳሎን በሹክሹክታ የደረሰውን ቁርጥራጭ ጆሮህ ሥር ሆኖ ይጮህልሃል። ስልክህ ጩኸቱን ሰምቶ «ሙሉ ነው» ይልሃል። በዚያ ላይ ርካሾቹ ሪፒተሮች ያላቸው ሬዲዮ አንድ ነው። ከራውተሩ ሲሰሙ ላንተ አያወሩም፣ ላንተ ሲያወሩ አይሰሙም። ስለዚህ ቦታው ቢመቻቸው እንኳ ፍጥነቱ በግማሽ ገደማ ይወርዳል።

ንቀለውና እንለካ። ከመለካትህ በፊት የስልክህን ዳታ አጥፋ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሸወዳል። ዋይፋዩ ሲደክም ስልኩ ድምፁን ሳያሰማ ወደ ሞባይል ዳታ ይዞራል፣ አንተ ዋይፋይ የለካህ መስሎህ ካርድህ ይበላል። ከዚያ የፍጥነት መለኪያ አፕ ክፈትና ሦስት ቦታ ለካ፦ ከራውተሩ ሁለት ሜትር ላይ ቆመህ፣ ክፍልህ ውስጥ በሩን ከፍተህ፣ ክፍልህ ውስጥ በሩን ዘግተህ። ጠዋት አንዴ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ አንዴ። ሁለት ቀን ድገመውና ወረቀት ላይ ጻፈው። በቃል የሚያዝ ቁጥር ሁልጊዜ ወደ ብሶታችን ያደላል።

ራውተሩ አጠገብ 9 ወይም 10 አግኝተህ ክፍልህ 1 ካገኘህ ችግሩ አየር ላይ ነው። ማታ ራውተሩ አጠገብም 1 ከሆነ ግን ግድግዳውን ተወው፣ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው። በነገራችን ላይ 10 ሜጋ ማለት በሰከንድ 10 ሜጋባይት አይደለም፣ 10 ሜጋቢት ነው። 8 ቢት አንድ ባይት ስለሆነ ፋይል ስታወርድ ቢበዛ በሰከንድ 1.25 ሜጋባይት ነው የምታየው። 700 ሜጋባይት ፊልም ሁሉም ነገር ቢመቻች ከ9 ደቂቃ በላይ ይወስዳል። 1.2 ያየ ሁሉ «ቀሙኝ» እያለ ይደውልልኛል። አልቀሙህም።

አሁን ወደ ክፍልህ። 20 ሜትር ለዋይፋይ ሩቅ አይደለም። ነገሩ መሃል የቆመው ላይ ነው። እንጨትና ተራ መስታወት ብዙ አይከለክሉትም። አንድ የብሎኬት ግድግዳ ያደክመዋል፣ ሦስት ሲደራረብ ይገለዋል። ብረት ግን መልሶ ይወረውረዋል። የእኛ አገር ሰርቪስ ቤት ደግሞ በሩ ላሜራ፣ መስኮቱ ላሜራ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ነው የምትተኛው ማለት ነው። በሩን ከፍተህ ለካ ያልኩህ ለዚህ ነው። ሲከፈት ቁጥሩ ዘሎ ከወጣ ጠላትህ በሩ ነው። ውሃም ሲግናል ይውጣል። ራውተሩና ክፍልህ መካከል የሞላ ሮቶ ቆሞ እንደሆነ እይ። ፀሐይ እንዲከለክል የሚገጠመው የሚያንጸባርቅ መስታወትም ላዩ ላይ ስስ ብረት አለበት፣ እንደ ተራ መስታወት አትቁጠረው።

ራውተሩ የት እንደተቀመጠ አልጻፍክልኝም። ልገምት፦ ቡፌ ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ ላዩ ላይ ዳንቴል ጣል ተደርጎበት። ከአሥር ቤት ስምንቱ እንደዚያ ነው የማገኘው። የቡፌው መስታወት ጀርባው በብረት የተቀባ ነው፣ ቴሌቪዥኑም ውስጡ ብረት አለው። ዳንቴሉ ሲግናል አይከለክልም፣ አየር ግን ይከለክላል። የአዳማን ሙቀት፣ በተለይ የግንቦትን፣ አንተ ታውቀዋለህ። በአቧራ የተደፈነ ራውተር ላይ ጨርቅ ስትጨምርበት ይግላል፣ ሲግል ይፈዛል፣ አንዳንዴም ራሱን አጥፍቶ ያበራል። ስለዚህ አውጥተህ ወደ ግቢው በሚያየው መስኮት በኩል፣ ከሰው ቁመት ከፍ አድርገህ አስቀምጠው።

ስታነሳው ግን ቀስ። ወደ ራውተሩ የሚገባው ቀጭን ገመድ ፋይበር ነው፣ ውስጡ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስታወት ነው። አትጠፈው፣ በሚስማር አትምታው፣ ሶፋ አትጫንበት። ከተነቀለ ጫፉን በዓይንህ አትይ፣ የማይታይ ሌዘር አለው። ካልደረሰልህ ራስህ አትቀጥል፣ ባለበት ተወው።

ራውተሩ ሁለት የዋይፋይ ስም የሚያሳይ ከሆነ፣ አንዱ 5 ጊጋ ሌላው 2.4 ጊጋ ነው፤ ጊጋ ያልኩህ ጊጋኸርዝ ነው፣ የሬዲዮ ሞገዱ እንጂ የኢንተርኔቱ ፍጥነት አይደለም። 5 ጊጋው ፈጣን ነው፣ ግን ግድግዳ አይወድም። የሳሎኑን ቴሌቪዥን እሱ ላይ አድርግና አንተ 2.4ቱን ያዝ። ቻናል ማለት ዋይፋዩ የሚያወራበት የሞገድ መስመር ነው፤ 2.4 ላይ የማይነካኩ ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ናቸው። ጎረቤት ሁሉ 6 ላይ ከተከመረ አንተ 1 ወይም 11 ሂድ። የቻናሉን ስፋት 20 ሜጋኸርዝ አድርገው፣ 40 ስታደርገው የጎረቤትን ጫጫታ ጨምረህ ነው የምትወስደው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አልበቃ ካለህ የኔ ምክር ገመድ ነው። አየር ላይ የሚደረገው ሁሉ መለማመጥ ነው፣ ገመድ ግን ይወስንልሃል። የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ይሄዳል፣ ላንተ 30 ሜትር ይበቃሃል። ስትገዛ ነጋዴው ፊት አንዱን ክር በቢላ ፋቅ አድርገው። ውስጡ ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም ነው፣ መዳብ የተቀባ ነው፣ ተወው። ውስጡም ቀይ ይሁን። ለውጭ የተሠራ ጥቁሩን ውሰድ፣ ግራጫው በፀሐይ ተሰነጣጥቆ ይረግፋል። በፕላስቲክ ቱቦ አድርገህ መሬት ለመሬት ቅበረው። በአየር አትዘርጋው፤ ነፋሱ አለ፣ ክረምት ላይ መብረቁ አለ። ከመብራት ገመድ ጋርም አንድ ቱቦ ውስጥ አታስገባው።

የጫፉን ቀለም እንዲህ ደርድር፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። ሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ይሁን። አረንጓዴው በሰማያዊዎቹ መከፈሉ ስህተት እንዳይመስልህ። «ጥንዶቹ ጎን ለጎን ይሁኑ» ብሎ ያስተካከለው ጎበዝ ገጥሞኛል። መብራቱ ይበራል፣ ኢንተርኔቱ ግን ይንገዳገዳል፣ ምክንያቱን ፍለጋ ቀንህ ያልቃል።

ከወዲያኛው ጫፍ ያ ቁም ሳጥን ውስጥ ያለው ራውተር ይገባል። አትጣሉት፣ ሥራ አለው። መጀመሪያ ብቻውን ከላፕቶፕህ ጋር አገናኘው። ከሥሩ የተለጠፈውን አድራሻና ፓስዎርድ አይተህ ግባ። የዋናው ራውተር አድራሻ 192.168.1.1 ከሆነ የዚህኛውን 192.168.1.2 አድርገው። ዋናው 192.168.100.1 ከሆነ ይኼኛው 192.168.100.2 ይሁን። ከዚያ በአዲሱ አድራሻ ተመልሰህ ግባና ዲ ኤች ሲ ፒ የሚለውን፣ ማለትም ለሚገናኙት ስልኮች አድራሻ የሚያድለውን፣ አጥፋ፤ ያን ሥራ ዋናው ራውተር ይሠራዋል። ቅደም ተከተሉን አታገላብጥ፣ ካገላበጥከው መግባት ያቅትህና ትናደዳለህ። የዋይፋዩን ስምና ፓስዎርድ ከሳሎኑ ጋር አንድ አድርገው፣ ቻናሉን ለየው። ኬብሉን ላን ከተባሉት ቀዳዳዎች አንዱ ላይ ሰካ፣ የስልክ መስመሩ ቀዳዳ ባዶውን ይቆይ።

አሁን የማታው። እዚህ ላይ የምፈልገው ዓይንህን ነው። ሲቆራረጥ ስልክህን ተወውና የራውተሩን መብራቶች እይ።

ሁሉም ድርግም ብለው ጠፍተው እንደገና ከበሩ ነገሩ ኤሌክትሪክ ነው። ባለፈው ክረምት ፍራንኮ ሰፈር አንድ ቤት «ማታ ማታ ይጠፋል» ተብዬ ተጠራሁ። ቻናል ቀየርኩ። ሌላ ራውተር አምጥቼ ሞከርኩ። ያው። ሦስተኛው ቀን ላይ አምሽቼ ቁጭ ብዬ ሳይ ራውተሩ ራሱን ያጠፋል፣ ያበራል። ለካ መብራት ሄዶ ሲመጣ አዳፕተሩ ተቃጥሎ የቤቱ ልጅ ጫፉ የገጠመለትን ሌላ ሰክቷል። ራውተሩ የሚፈልገው 12 ቮልት 1 አምፒር ነው፣ የተሰካው 12 ቮልት 0.5 አምፒር ነበር። ቀን ሰው ሲቀንስ ይችለዋል። ማታ ሁሉም ሲገባና ሥራ ሲበዛበት ይወድቃል። እኔም እኮ የራሴን ራውተር በዚያው አዳፕተር ሰክቼ ነው ሁለት ቀን የደከምኩት! ስለዚህ አዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን ራውተሩ ሥር ከተጻፈው ጋር አመሳክር። ቮልቱ እኩል መሆን አለበት። አምፒሩ ቢበልጥ አይጎዳም፣ ካነሰ ግን እንዲህ ያደርግሃል። የተሰካበት ማከፋፈያም የላላ እንዳይሆን ነካ ነካ አድርገህ እይ።

ኤል ኦ ኤስ የሚለው መብራት፣ በፋይበሩ የሚመጣው ብርሃን መቋረጡን የሚነግርህ፣ ቀይ ከሆነ ጥፋቱ ከራውተሩ በፊት ነው፣ ወይ ፋይበሩ ታጥፏል ወይ ውጭ ተነክቷል። ተርባይን የሚያዞር ነፋስ ባለበት ከተማ ከምሰሶ ወደ ቤት የሚመጣ ገመድ ሲወዛወዝ ቢያድር አይገርምም። ከውጭ ላልቶ እንደሆነ ቀን በዓይንህ እይ፣ መንካት ግን ያንተ ሥራ አይደለም። ለኢትዮ ቴሌኮም 994 ደውልና «ኤል ኦ ኤስ ቀይ ነው» በላቸው። «ኢንተርኔት እምቢ አለ» ከማለት ይህ ይሻላል፣ ከየት እንደሚጀምሩ ያውቃሉ።

መብራቱ ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ የሚዘገይ ከሆነ ደግሞ ግቢውን ቁጠር። ራውተሩ ውስጥ ገብተህ የተገናኙትን ዝርዝር እይ። አምስት ሰው ባለበት ቤት 17 ስልክ አይቼ አውቃለሁ። ተከራዩ፣ የተከራዩ እጮኛ፣ ፊት ለፊት ያለው ሱቅ... እናቶች ደግሞ ፓስዎርድ መከልከል እንደ ውሃ መከልከል ነው የሚመስላቸው። 10 ሜጋ ሦስት ሰው ቪዲዮ ሲያይበት አለቀ። ፓስዎርዱን ቀይር፣ ደብልዩ ፒ ኤስ የሚለውን፣ ያለ ፓስዎርድ በቁልፍ ወይም በአጭር ቁጥር የሚያስገባውን፣ አጥፋ። የእንግዳ ኔትወርክ የሚባል ካለው ለጎረቤት እሱን ክፈትና ፍጥነቱን ገድብ፣ እናትህም አትቀየምም። ሁሉንም አውጥተህ ራውተሩ አጠገብ አሁንም 1 የሚያሳይ ከሆነ ወረቀትህን ይዘህ 994 ደውል። ቀኑና ሰዓቱ ተጽፎ ሲቀርብ አነጋገሩ ይለያል።

ብቻ በዚህ ሁሉ መሃል ያቺን በመርፌ የምትጫን ትንሽ ቀዳዳ አትንካት። አጥፍቶ ማብራት ሌላ፣ ሪሴት ሌላ። እኔ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የአንድ ሰው የፋይበር ራውተር ላይ ጫንኳት። ከመስመሩ ጋር የሚያገናኘው ቅንብር ሁሉ ተሰርዞ ቤቱ አራት ቀን ያለ ኢንተርኔት ቆየ። ሒሳብ ለመጠየቅ አልተመለስኩም።

ቁጥሮቹንና የአዳፕተሩን ጽሑፍ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። ዳንቴሉን ግን አንተ አታንሳው፣ እናትህ ራሳቸው ያንሱት።